እርጉዝ ናት፣ ከሰገራ ጋር ደም ይወጣታል፣ ኪንታሮት ብቻ ነው?

አባ ወራ ከኮምቦልቻ፦ ሰላም ወገን፣ ባለቤቴ 5ኛ ወሯ ነው፣ ከሰገራዋ ጋር ቀይ ደም ማየት ከጀመረች ሰነበተች፣ አንዴ ይደርቃታል አንዴ ያስቀምጣታል፣ ደሟም ወርዷል ተብሎ አይረን እየወሰደች ነው። አንድ ክሊኒክ ሄደን የእርጉዝ ኪንታሮት ነው ብለው ሳያዩዋት ቅባት ሰጡን። እናቷ በ40ዎቹ እድሜዋ በአንጀት ካንሰር ነው የሞተችው እኔን ያስፈራኝ እሱ ነው። ኮሎኖስኮፒ (በፊንጢጣ ካሜራ አስገብቶ አንጀትን ማየት) ፅንስ ይጎዳል የሚሉትስ እውነት ነው?

ሚድዋይፍ ደሴ፦ አብሽር ወንድሜ፣ አብዛኛውን ጊዜ እውነትም ኪንታሮት ነው። ግን ድርቀቱ፣ የሆድ መነፋቱ፣ ደም ማነሱ የእርግዝናም የካንሰርም ስለሚሆን ነው ብዙ ሴት የሚዘገይባት። አይረን ሰገራ ያጠቁራል እንጂ ቀይ ደም አያመጣም። በጣት ፊንጢጣዋን የሚያያት ሐኪም ጋ ውሰዳት፣ የእናቷን ነገር ገና ስትገቡ ንገሩት።

የሰኞ ገበያ ልጅ፦ ፌጦ በማር ሞክሩላት

ሚድዋይፍ ደሴ፦ ኧረ በአላህ ተው!

ሰርጀሪ ሬዚደንት፦ መጀመሪያ ሲግሞይዶስኮፒ ነው፣ የታችኛውን አንጀት ብቻ የሚያይ፣ ብዙ ጊዜ ማደንዘዣም አይፈልግ። ሙሉ ኮሎኖስኮፒ ካስፈለገ ከ4ኛ እስከ 6ኛ ወር ያለው ጊዜ ይመረጣል፣ በግራ ጎኗ ተኝታ፣ ናሙናም ይወሰዳል። ካንሰር ከተገኘ ስርጭቱን በአልትራሳውንድና ያለ ጋዶሊኒየም (በደም ስር የሚሰጥ ማቅለሚያ) በኤምአርአይ ነው የምናየው፣ ሲቲ ጨረር ስላለው ካላስገደደ ይቅር።

አባ ወራ ከኮምቦልቻ፦ ካንሰር ከሆነ ፅንሱ ይውጣ ይላሉ?

ሰርጀሪ ሬዚደንት፦ የግድ አይደለም፣ ማስወረዱ በራሱ ካንሰሩን አያሻሽለውም። በዚህ ወር ኦፕራሲዮን ይቻላል፣ ኬሞም (የካንሰር መድኃኒቱ) የመጀመሪያው 3 ወር ካለፈ በኋላ ይሰጣል፣ ከመውለዷ 3 ሳምንት ገደማ ቀድሞ ይቆማል የሁለቱም ደም እንዲያገግም። የማይሆነው ዳሌ ላይ ጨረር ነው፣ እሱ ከወሊድ በኋላ። ውሳኔው ግን የማህፀን ሐኪሙም የካንሰር ሐኪሙም አብረው ተቀምጠው ነው።

የሆጤዋ፦ እህቴ በሌላ ካንሰር እርጉዝ ሆና ጥቁር አንበሳ ታክማለች፣ ልጁ ደህና ነው አልሐምዱሊላህ፣ ጡት ግን ኬሞ ላይ እያለች አላጠባችም። ሪፈር ከጻፉላችሁ የእርግዝናውን ሳምንት በጉልህ አስጽፉ፣ የክትትል ካርዷንም እንዳትረሱ፣ እኛ ለሱ ስንል እንደገና ደሴ ሰው ልከናል።

ሚድዋይፍ ደሴ፦ አንድ ነገር ልጨምር፣ ሆዷን እየቆረጣት ካስታወካት፣ ሰገራም ፈስም እምቢ ካላት ወይ ደሙ ከበዛ ቀጠሮ ምናምን አትጠብቁ፣ ሌሊትም ቢሆን በቀጥታ ድንገተኛ ውሰዳት።