ክርክር፦ የአዲስ አበባ ልጅ ሁሉ ኦሮምኛ በግዴታ ይማር?

አወያይ፦
ጥያቄው ይሄ ነው። አሁን አዲስ አበባ ውስጥ በኦሮምኛ የሚያስተምሩ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች አሉ። ቋንቋውን እንደ አንድ ትምህርት የሚሰጡም አሉ። ታዲያ የግል ትምህርት ቤቶችን ጨምሮ ለሁሉም ልጅ ግዴታ ይሁን? ወይስ ለወላጅ ምርጫ ይተው? ሁለት ነገር አደራ። የከተማዋ ባለቤት ማነው የሚለውን ክርክር ለሌላ ቀን እናቆየው። የማንም ቋንቋ ደግሞ እዚህ አይሰደብም። በሉ ጀምሩ።

የቄራ ልጅ፦
እኔ ግዴታውን እቃወማለሁ። ከቋንቋው ጋር ምንም ጠብ የለኝም። ልጄ ሦስተኛ ክፍል ናት። አማርኛ ንባቧ ገና አልተቃናም። እንግሊዝኛውም እያስለቀሳት ነው። በዚህ ላይ ሦስተኛ ቋንቋ ሊጨመርባት ነው። ኦሮምኛ የሚጻፍበት ቁቤ የላቲን ፊደል ቢሆንም አነባበቡ ከእንግሊዝኛው ይለያል። ኤክስ የምትባለው ፊደል በቁቤ ጠ ናት። ሲ ደግሞ ጨ ናት። ያቺው ፊደል በአንድ ክፍለ ጊዜ እንዲህ፣ በሚቀጥለው እንዲያ ስትነበብ ልጅ አይደናገርም? ደግሞ በግድ የተሰጠ ነገር ይጠላል። ነገ ኦሮምኛን የሚጠላ ትውልድ እንዳናፈራ ነው ፍርሃቴ።

መምህር ከሰበታ፦
ወንድሜ፣ ስጋትህ ይገባኛል። አፋን ኦሮሞ አስተማሪ ነኝ። የእኔ ተማሪዎች የሚማሩት አፋን ኦሮሞ፣ አማርኛና እንግሊዝኛ ነው። ሦስት ቋንቋ፣ ሁለት ዓይነት ፊደል። ልጅህ ላይ ይከብዳል ያልከው በሙሉ እነሱ ላይ አለ። በቡራዩም በሱሉልታም እንደዚሁ ነው። ለእነሱ ይከብዳል ብሎ የተከራከረ ሰው ግን እስካሁን አልገጠመኝም። ከከተማው ጫፍ በታክሲ ጥቂት ደቂቃ ራቅ ያለ ልጅ የሚችለውን የቄራ ልጅ ለምን ያቅተዋል?

ግዴታ ይጠላል ስላልከው ደግሞ፣ እንግሊዝኛ ግዴታ አይደለም እንዴ? ወላጅ ሁሉ ገንዘብ ከፍሎ ነው የሚያስተምረው። ልጆች ግቢ ውስጥ አማርኛ ሲናገሩ የሚቀጡባቸው የግል ትምህርት ቤቶች አሉ። ያን ወላጅ በጸጋ ተቀብሎታል። ልጅ ከቤት ይዞት የሚመጣ ስሜት አለ። ቤት ውስጥ የተከበረን ቋንቋ ልጅ አይጠላም።

የድሬ ልጅ፦
አቦ፣ እኔ የሚገርመኝ ነገሩ ሁሉ በመማሪያ ክፍል ብቻ መታሰቡ ነው። ድሬዳዋ ባቡሩ በ1895 ሲደርስ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ቢሮው አማርኛ ነው። መጋላ ሰፈር ስትገባ ኦሮምኛና ሶማሊኛ ነው። ጎረቤትህ ሐረሪ ከሆነ ጌይ ሲናንም ትሰማለህ። አንዷ የጫት ነጋዴ በአንድ ትንፋሽ ሦስት ቋንቋ ትቀያይራለች። ለአንዱ አሻማ፣ ለሌላው ነበድ፣ ለሦስተኛው እንዴት ዋልክ። እኔን ኦሮምኛ ያስተማረኝ ሰው የለም። ኳስ ስንጫወት ገባኝ፣ አለቀ። ቋንቋ ሰው ሲቀላቀል በራሱ ይመጣል። አዲስ አበባም ልጆቹን ትቀላቅል።

ከጅዳ የተመለስኩ፦
ወንድሜ የድሬው፣ ጨዋታችሁ ደስ ይላል። በራሱ ይመጣል በሚለው ግን አልስማማም። እኔ ጅዳ ሰው ቤት ስሠራ አረብኛ በጥቂት ወራት ነው የለመድኩት። ወድጄው አልነበረም። የምግቡን፣ የመድኃኒቱን፣ የልጁን ነገር ካልሰማሁ ያስጮህብኛል፣ ደመወዝም ያስቀርብኛል። ማዳም ግን ያን ሁሉ ጊዜ አብረን ኖረን አንድ የአማርኛ ቃል አልተማረችም። ለምን ትማራለች? እኔ እየተማርኩላት!

ኑሮ ያስተምራል የምትሉት እውነት ነው። የሚያስተምረው ግን አቅም የሌለውን ነው። ከገጠር የመጣች የቤት ሠራተኛ አዲስ አበባ በገባች በወሩ አማርኛ ትሞክራለች። አሠሪዋ ቤት ውስጥ ስንት ሰው ኦሮምኛ ወይም ከምባትኛ ይሞክርላታል? ስለዚህ እኔ ግዴታ ይሁን ነው የምለው። ግዴታ ካልሆነ ሁልጊዜ የሚማረው አንዱ ወገን ብቻ ነው።

ነርሷ፦
እኔ የምሠራው አዲስ አበባ አንድ የመንግሥት ሆስፒታል ውስጥ ነው። ከየክልሉ ሪፈር ተጽፎላቸው የሚመጡ ታካሚዎች አሉን። ኦሮምኛ ብቻ የሚችሉ ይመጣሉ። ሶማሊኛ ብቻ የሚችሉም ይመጣሉ። ማነው የሚያስተረጉመው? ጥበቃው፣ ወይ የጽዳት ሠራተኛዋ፣ ወይ ወረፋ የሚጠብቅ ሰው።

በጣም የሚከብደኝን ልንገራችሁ። የማህፀን ችግር ያለባት እናት ልጇን ይዛ ትመጣለች። ትምህርት ቤት ስለሚሄድ አማርኛ የሚችለው ልጁ ነው። እኔ ለልጁ እጠይቃለሁ፣ ልጁ አንገቱን ደፍቶ እናቱን ይጠይቃል። እሷ ደግሞ ግማሹን ትውጠዋለች። ለልጇ እንዴት ብላ ትናገር? እኔ ካርዱ ላይ የምጽፈው የቀረውን ግማሽ ነው። በዚያ ግማሽ ነው መድኃኒት የሚታዘዘው። ሌላ ቀን እዚያው በር ላይ አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ኦሮምኛ ስለምትችል ገብታ አናገረቻት እንበል፤ ነገሩ ሁሉ ይለወጣል። በሽታው ከተጀመረ ስንት ጊዜ እንደሆነው፣ ከዚህ በፊት ምን እንደወሰደች፣ ሁሉም ይወጣል። ያቺ ሠራተኛ ግን ለዚህ ሥራ አንድ ብር አይከፈላትም። የሰማችውን ምስጢር እንድትጠብቅም ያሠለጠናት የለም።

ተከሳሽ የችሎቱ ቋንቋ ካልገባው በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ እንዲሰጠው በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ተጽፏል። ለታማሚውስ? በየካቲት 2012 የሚኒስትሮች ምክር ቤት ያጸደቀው የቋንቋ ፖሊሲም አለ። ኦሮምኛ፣ ትግርኛ፣ ሶማሊኛና አፋርኛ ከአማርኛ ጎን የፌዴራል የሥራ ቋንቋ ይሁኑ ይላል። እኔ ካለሁበት ክፍል ግን ገና አልደረሰም። እናንተ ስለ ሦስተኛ ክፍል ልጅ ትከራከራላችሁ። ያቺ ልጅ አድጋ ነርስ እስክትሆን እኔ ዛሬ የመጣችውን እናት ምን ልበላት? መጀመሪያ መስኮት ላይ ያለነውን አሠልጥኑን። "ኤሳ ሲ ዹኩባ?" ብዬ የት ጋ እንደሚያማት መጠየቅ የለመድኩት ከታካሚ ነው። ይህን ሥልጠና ላይ ብማረው ምን ነበረበት?

የመርካቶ ነጋዴ፦
ነርሷ ያለችው ላይ ምንም የምጨምረው የለኝም፣ ልክ ነች። ወደ ትምህርት ቤቱ ልመለስና፣ እኔ ምርጫ ይሁን ባይ ነኝ። ምክንያቴ ቁጥር ነው። በ1999ኙ የሕዝብ ቆጠራ ከአዲስ አበባ ነዋሪ ጉራጌ ነኝ ያለው ወደ 16 በመቶ ነው። አፌን የፈታሁት በጉራጊኛ ነው ያለው ግን ወደ 8 በመቶ ብቻ። ኦሮሞ ነኝ ያለው ወደ 19 ከግማሽ በመቶ ሲሆን አፉን በኦሮምኛ የፈታው ወደ 11 በመቶ ነው። አያችሁ? ይህች ከተማ ሁላችንንም ቋንቋችንን በግማሽ አስጥላናለች። የእኔ ልጆች ለአያታቸው ስልክ ሲደውሉ ከሰላምታ አያልፉም። እናታቸው ናት የምታስተረጉመው። ልጄ አንድ ተጨማሪ ቋንቋ ይማር ከተባለ የአያቱን ይማር።

መምህር ከሰበታ፦
ጋሼ፣ የትኛውን ጉራጊኛ? ቸሃ ወይስ ክስታኔ? እነሱ እንኳን እርስ በርስ አይግባቡም። ለእያንዳንዱ አስተማሪና መጽሐፍ ከየት ይመጣል? ምርጫ የሚባለው ነገር ወረቀት ላይ ያምራል። ክፍል ውስጥ ሲመጣ ግን መጨረሻው ማንም ምንም አይማርም ነው።

የሶዶ ልጅ፦
ይህን ሳነብ የእኛ አገር ነገር ትዝ አለኝ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የወላይታ፣ የጋሞ፣ የጎፋና የዳውሮ ቋንቋዎች ተቀራራቢ ናቸው ተብሎ ተቀላቀሉ። ወጋጎዳ የሚባል ነገር ተፈጥሮ የመማሪያ መጽሐፍ ታተመበት። ሕዝቡን ማንም አልጠየቀውም። ወላይታ ሶዶ ላይ ተቃውሞ ተነሳ፣ ሰው ሞተ። መጽሐፉ ተሰበሰበ። ቋንቋዎቹ እስከ ዛሬ በየራሳቸው ይኖራሉ። እኔ ከቋንቋ ጋር ግዴታ የሚለውን ቃል ስሰማ የሚታየኝ ያ ጊዜ ነው። የአዲስ አበባን ወላጅ ሳታማክሩ አትጀምሩት።

መምህር ከሰበታ፦
ሐዘናችሁን አከብራለሁ። ልዩነቱ ግን ሰፊ ነው። ወጋጎዳ ማንም አፉን ያልፈታበት ቋንቋ ነበር። አፋን ኦሮሞ ግን ከከተማዋ ዳር ወጥታችሁ በየትኛውም አቅጣጫ ብትሄዱ የምትሰሙት ነው። ወላጅ ይማከር ያልከውን ግን እቀበላለሁ።

የእንጅባራ ልጅ፦
ከአማርኛ ወገን የሚታይ ሌላ ነገር አለ፣ ማንም ስላላነሳው ላንሳው። እኔ አገው ነኝ። ቤታችን አውኚ ነው የሚነገረው። አንደኛ ደረጃ በአውኚ ተማርኩ። አማርኛዬ ደግሞ የጎጃም አማርኛ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ስገባ "ተቤት መጣሁ" አልኩ፣ "ሁኖ" አልኩ፣ ክፍሉ ሳቀ። ክፉ ልጆች አልነበሩም። ጆሯቸው አንድ ዓይነት አማርኛ ብቻ ነው የሚያውቀው። ከዚያ በኋላ አነጋገሬን ቀየርኩ። አሁን አገሬ ስገባ እናቴ "አዲስ አበቤ ሆንሽ" ትለኛለች።

ኦሮምኛ ይሰጥ፣ እደግፋለሁ፣ በግዴታም ቢሆን። ግን በአማርኛ ላይ እንኳን የመንዝን፣ የጎንደርን፣ የወሎን አነጋገር እየሰማ የሚስቅ ልጅ፣ ኦሮምኛን ክፍል ውስጥ ስለተማረ ብቻ ከቡራዩ የመጣ ጓደኛውን አያከብርም። አማርኛ አስተማሪዎች ከዚህ ቢጀምሩ ደስ ይለኛል። የጎጃሙን "ተ" ስሕተት ነው ብሎ በቀይ እስክሪብቶ ከመሰረዝ፣ "እዚያ እንዲህ ይባላል፣ በጽሑፍ ደግሞ ከ ብለን እንጽፋለን" ማለት ይቻላል። ለዚህ አዲስ መጽሐፍም በጀትም አያስፈልግም።

የድሬ ልጅ፦
እህቴ የእንጅባራዋ፣ ይህን ድሬም መጥተሽ ልትነግሪን ይገባል። እኛም በሐረር አነጋገር እንሳሳቃለን፣ ግን ማንም ቋንቋውን አልቀየረም። የጅዳዋ እህቴ ያለችው ግን አሳሰበኝ። እውነት ነው፣ ድሬም ቢሆን ሶማሊኛ የማይችል ባለሥልጣን አለ፣ አማርኛ የማይችል ተላላኪ ግን አላየሁም።

የቄራ ልጅ፦
ሁላችሁንም አነበብኩ። ነርሷ ያለችው ነገ መጀመር አለበት፣ ማንም አይቃወመውም። ስለ ልጆቹ ግን እንዲህ ከሆነ እቀበላለሁ። እስከ ሁለተኛ ክፍል በቃል ብቻ ይሁን፦ ዘፈን፣ ተረት፣ ጨዋታ፣ ገበያ መግዛት። ቁቤው ልጁ አማርኛና እንግሊዝኛ ማንበብ ሲያቃና ይምጣ። አስተማሪው ቋንቋውን የሚችል ብቻ ሳይሆን ለማይችል ልጅ ማስተማር የሠለጠነ ይሁን። ማርክ አይኑረው።

መምህር ከሰበታ፦
በቃል ይጀመር፣ እስማማለሁ። እኛም አዲስ ልጅ ሲመጣ እንደዚያ ነው የምናደርገው። አስተማሪ ስላልከው ደግሞ ትልቁ ችግር እሱ ነው። አፍ የፈታበትን ልጅ ማስተማርና አዲስ ጀማሪ ማስተማር ሁለት የተለያየ ሙያ ነው። መምህራን ኮሌጆቻችን በዋናነት ለመጀመሪያው ነው ያሠለጠኑን። ማርክ አይኑረው በሚለው ግን አልስማማም። ማርክ የሌለው ትምህርት ክፍለ ጊዜው ለሂሳብ ማካካሻ ይወሰዳል። ደጋግሜ አይቼዋለሁ። ውጤቱ ሰርተፍኬት ላይ ይጻፍ።

የቄራ ልጅ፦
ሰርተፍኬት ላይ ይጻፍ። ከክፍል ክፍል ማለፊያ ግን አይሁን። ከዚህ አላልፍም።