«ግራ ቀኙ ይቻቻሉ» ማለት ታረቁ ማለት ነው እንዴ?

የሄርማታዋ፦

ሰላም ቤተሰብ። ዛሬ ጥያቄም ሐሜትም ይዤ መጥቻለሁ። ሐሜቱ ስለ አጎቴ ነው። ፈቃዱን ጠይቄዋለሁ፤ «ስሜን ብቻ እንዳትጠሪ» ብሎኛል።

አጎቴ እዚሁ ጅማ ያረጀ የቡና ነጋዴ ነው። ከድሮ ሸሪኩ ጋር በብድር ገንዘብ ተካሰው ዓመታት ፈጁ። ነገሩ ከወረዳ ተነስቶ፣ ይግባኝ እየተባለ፣ በመጨረሻ አዲስ አበባ ፌዴራል ሰበር ችሎት ደረሰ። እስከዚያ ወረቀቱ ሁሉ በአፋን ኦሮሞ ነበር፤ የሰበሩ ግን በአማርኛ መጣ። አጎቴ ሁለቱንም እንደ ውሃ የጠጣ ሰው ነው። ጠበቃውን ምን አስጠበቀው? መነጽሩን ሰካ፣ በረንዳው ላይ ባለ ሦስት እግር በርጩማው ላይ ተቀመጠ፣ ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረ። የመጀመሪያዎቹን ገጾች «አመልካች»፣ «ተጠሪ» እያለ አንበለበላቸው። መጨረሻው ላይ ሲደርስ ግን ቀስ አለ። እንዲህ ይላል፦

«ወጪና ኪሳራ ግራ ቀኙ ይቻቻሉ። መዝገቡ ተዘግቷል፤ ወደ መዝገብ ቤት ይመለስ።»

ወረቀቱን አጠፈና ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ አክስቴን ምን ቢላት ጥሩ ነው? «ዳኞቹ ኪሳራውን ተዉትና ተቻችላችሁ ኑሩ አሉን። ነገሩም ተዘጋ።» በማግስቱ በግ ገዝቶ፣ ሁለት ኪሎ ቡና አንጠልጥሎ ሸሪኩ ደጅ ቆመ። ሰውየው አፈጻጸም (ፍርዱን በግድ ማስፈጸሚያው) የመጣበት መስሎት መጀመሪያ በሩን አልከፍትም ብሎ ነበር አሉ። ኋላ ግን ከፈተ። ቡናው ተፈላ፣ በጉም ታረደ።

ጠበቃው ይህን ሲሰማ ጭንቅላቱን ይዞ ቀረ። «ጋሼ፣ ገንዘቡን እኮ ረትተዋል!»

ጥያቄዬ ይኸው። «ይቻቻሉ» እዚህ ላይ ምን ማለት ነው? አጎቴ ተሳስቷል ወይስ አማርኛው ነው ያሳሳተው?

ጡረተኛው ሬጅስትራር፦

ልጄ፣ አጎትሽን ሳላውቃቸው ወደድኳቸው። ያንን ዓረፍተ ነገር በታይፕ ስመታ ኖሬ አንድም ቀን እንደ እርቅ አልታየኝም።

«ግራ ቀኙ» ማለት ተሟጋቾቹ ናቸው፤ ከሳሽና ተከሳሽ፣ ወይም ይግባኝ ባይና መልስ ሰጪ። ዳኛው ፊት አንዱ በግራ አንዱ በቀኝ ይቆማሉና «ግራ ቀኙን አከራክሮ» ይባላል።

ጣጣው ያለው «ቻለ» ላይ ነው። «መኪና መንዳት ይችላል» ስንል ስለ አቅም እናወራለን። «ያንን ሁሉ እንዴት ቻልሽው?» ስንል ስለ ትዕግሥት። «የምሳውን እኔ እችላለሁ» ስንል ደግሞ ስለ ኪስ። ፍርድ ቤት የወሰደው ይህንን የኪሱን ነው። ለክርክሩ ያወጣችሁትን በየራሳችሁ ቻሉ፣ አንዳችሁ ከሌላው አትጠይቁ ማለቱ ነው። «ኪሳራ»ም እዚህ ነጋዴ ከሰረ እንደሚባለው አይደለም። የዳኝነት የተከፈለው፣ ለጠበቃ የተሰጠው፣ ለምስክር የወጣው፣ የሙግት ወጪ በሙሉ ነው። ረቺው ያንን ከተረቺው እንዲያስመልስ ቢፈቀድለት ኖሮ ወረቀቱ «የወጪና ኪሳራ ዝርዝር የማቅረብ መብቱ ተጠብቋል» ይል ነበር።

ዋናው ገንዘብ ሌላ ነው። እሱ ከዚህ መስመር በላይ ተወስኗል፤ አጎትሽ ቀስ ያሉበትን ቦታ ትተው በሮጡበት በኩል ቢመለሱ ያገኙታል።

አንድ ነገር ግን ላልደብቅ። አማርኛውን ካየነው ጥፋቱ የእሳቸው አይደለም። «ይቻቻሉ» የእርስ በርስ ግስ ነው። ይረዳዱ፣ ይመካከሩ፣ ይተዛዘኑ እንደምንለው። እርስ በርስ ከሆነ አንዱ የሌላውን ይችላል ማለት ይሆናል እንጂ እያንዳንዱ የራሱን ይችላል ማለት ከየት ይመጣል? «የየራሳቸውን ይቻሉ» ቢባል ኖሮ በጉ ዛሬም ሣር ይግጥ ነበር። በዚያ ላይ ሬዲዮውና ስብሰባው «መቻቻል» የሚለውን ቃል ወስዶ ለሰላም አውሎታል። አጎትሽ የሰሙት የሬዲዮውን ይቻቻሉ ነው።

ከጅሬን፦

እኔን ያሳቀኝ «አፈጻጸም የመጣበት መስሎት» የሚለው ነው። እህቴ፣ ሸሪኩ የትኛው ፍርድ ቤት ነበር የረታው? የተሻረው የማን ነው?

የሄርማታዋ፦

«የከፍተኛ ፍርድ ቤቱ ውሳኔ ተሽሯል፤ የወረዳ ፍርድ ቤቱ ውሳኔ ጸንቷል» ይላል። ወረዳ አጎቴ ረታ። ከፍተኛው ደግሞ «ክሱ በይርጋ ታግዷል»፣ ማለትም መክሰሻ ጊዜው አልፏል፣ ብሎ ገለበጠው፣ ከዚያ በላይ ያሉትም ይህንኑ ተቀበሉ። ሰበር ደግሞ መልሶ ገለበጠ። ተበዳሪው በመሃል ጥቂት ብር ከፍሎ ስለነበር ይርጋው ተቋርጧል አለ።

ከጅሬን፦

በቃ፣ ሁለቱም የኔ ቃላት መጡ!

«ሻረ» እኮ ጉደኛ ነው። ቁስል ሻረ ሲባል ደስ ይላል፣ ሹም ተሻረ ሲባል ቤቱ ያዝናል። በዓል ሻረ ከተባለ ደግሞ ቄሱ ይቆጣሉ። ውሳኔ ተሻረ ሲባል እንደ ሹሙ ነው፤ ከወንበሩ ወረደ።

«ይርጋ»ን ግን ሁሌ እወደዋለሁ። ከ«ረጋ» ነው የመጣው። እርጎም የዚያው ቤተሰብ ነው፤ ወተቱ ሲረጋ እርጎ ይሆናል። ነገርም ብዙ ካደረ ይርጋ፣ አትናጡት ማለት ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በቁጥር 1845 ለውል ጉዳይ 10 ዓመት ይሰጣል። ነገር ግን ባለዕዳው ከዕዳው ላይ ትንሽ ከከፈለ ወይም ዕዳውን ካመነ፣ በቁጥር 1851 መሠረት ይርጋው ይቋረጥና ቆጠራው እንደ አዲስ ይጀምራል። እርጎው ተናጠ በሉት። የአጎትሽ ሸሪክ በመሃል የከፈላት ብር ናት ጉድ ያረገችው።

እግረ መንገዴን ላስጠንቅቅ፦ 10 ዓመት ለሁሉ እንዳይመስላችሁ። ከውል ውጭ ለደረሰ ጉዳት 2 ዓመት ነው። ከሥራ የተባረረ ሰው ወደ ሥራዬ ልመለስ ለማለት በአዋጅ 1156/2011 ያለው 3 ወር ብቻ ነው። እዚሁ ጅማ ፈረንጅ አራዳ ሰፈር ቡና ላይ ተቀምጦ «ገና ነው፣ አሥር ዓመት አለኝ» የሚል ሰው ስንቴ ሰምቻለሁ።

ዜና አንባቢው፦

ስለ ሰበር ካነሳችሁ የኔን ጉድ ልንገራችሁ። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን «የሰበር ውሳኔ» የሚል ርዕስ ያለው ጽሑፍ ደረሰኝ። ሰበር ዜና መስሎኝ እየሮጥኩ ስቱዲዮ ገባሁ። አንብቤ ስጨርስ ውሳኔው የከረመ ነው። አለቃዬ ለሳምንት ያህል «ሰበር» ብሎ ጠራኝ።

ሁለቱም «ሰበር» ከውጭ የተገለበጡ ናቸው። የዜናው ከእንግሊዝኛ ነው። የፍርድ ቤቱ ደግሞ ከፈረንሳይኛ፤ እነሱ «ካሴ» ይላሉ፣ ሰበረ ማለት ነው፣ የሰበር ፍርድ ቤታቸውም ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጋችንን ያረቀቁት ሬኔ ዳቪድ ፈረንሳዊ ነበሩ፤ የ1949ኙን የወንጀለኛ መቅጫ ያረቀቁት ዣን ግራቨን ደግሞ ስዊዘርላንዳዊ። የሕግ አማርኛችን አንዳንዴ የፈረንሳይ ጫማ አድርጎ የሚሄድ የሚመስለኝ ለዚህ ነው።

ሬጅስትራር ጋሼ፣ ሰበር ፍሬ ነገሩን ከሥሩ አያይም የሚባለው እውነት ነው?

ጡረተኛው ሬጅስትራር፦

እውነት ነው። ሰበር የሚያየው መሠረታዊ የሕግ ስህተት መኖር አለመኖሩን ነው። ማን ዋሸ፣ ማን እውነት ተናገረ የሚለው ከታች ያልቃል። ከአምስት ያላነሱ ዳኞች ተሰይመው የሰጡት የሕግ ትርጉም ደግሞ በየደረጃው ያለውን ፍርድ ቤት ያስገድዳል። መጀመሪያ በአዋጅ 454/1997፣ አሁን ደግሞ በአዋጅ 1234/2013። ለዚህ ነው የአንድ ቡና ነጋዴ ብድር የሌላውን ሰው ነገር የሚወስነው።

አንተ ግን ዜና ላይ ስላለህ አንድ ቅሬታዬን ስማኝ። «ፍርድ ቤቱ ወንጀለኛውን በነጻ አሰናበተ» የሚል ርዕስ ታወጣላችሁ። ወንጀለኛ ከሆነ በነጻ እንዴት? በነጻ ከሆነስ ወንጀለኛ ከየት መጣ? ሰውየው ፖሊስ ዘንድ ተጠርጣሪ ነው። ክስ ሲመሰረት ተከሳሽ ይሆናል። ጥፋተኛ የሚባለው ፍርድ ቤት ሲለው ብቻ ነው፤ ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 20 እስከዚያ እንደ ንጹሕ ይቆጠራል ይላል።

ዜና አንባቢው፦

ጋሼ፣ ተቀብያለሁ። እኔ ራሴ አንዴ «ይከላከል» የሚለውን ብይን «ጥፋተኛ ተባለ» ብዬ አንብቤያለሁ። ዐቃቤ ሕግ ማስረጃውን አሰምቶ ሲጨርስ ዳኛው «ተከላከል» ቢለው፣ ገና አንተ ተናገር ማለቱ ነው። ማስረጃው አጥጋቢ ካልሆነ ደግሞ መከላከል ሳያስፈልገው በነጻ ይሰናበታል። የተከሳሹ ወንድም ደውሎልኝ ነበር። አልሰደበኝም፤ ያ ነው የባሰው።

ሌላ ሰው የሚያምታታው «ገደብ» ነው። «አንድ ዓመት እስራት በሁለት ዓመት ገደብ» ሲባል ሰው ደምሮ ሦስት ዓመት ይላል። እስራቱ ታግዷል። ሁለቱን ዓመት ጥፋት ሳይሠራ ከቆየ አይገባም።

ከጅሬን፦

እዚህ እኛ አካባቢ ደግሞ የሁለቱ ቋንቋ ጨዋታ አለ። በአማርኛ «ዐቃቤ ሕግ» ስንል «ዐቃቤ» ግዕዝ ነው፣ ጠባቂ ማለት። «ጠበቃ»ም ከ«ጠበቀ» ነው። ሁለት ጠባቂዎች ቆመው ይሟገታሉ፤ አንዱ ሕጉን ይጠብቃል፣ አንዱ ደንበኛውን። በአፋን ኦሮሞ ግን ዐቃቤ ሕጉ «አባ አላንጋ» ነው። ባለ አለንጋው! ጠበቃው ደግሞ «አቡካቶ»፣ ከጣልያንኛ የቀረ። ፍርድ ቤቱ «መነ ሙርቲ» ይባላል፤ ሙርቲ ውሳኔ ነው፣ ሥሩም መቁረጥ። እኛስ «ቁርጡን ንገረኝ» እንል የለ? ይግባኙ «ኦልኢያኖ» ነው፣ ወደ ላይ መጮህ። አጎትሽ ስንት ዓመት ወደ ላይ ጮኸው፣ መልሱ በአማርኛ ሲወርድ ነው የተደናገሩት።

ጡረተኛው ሬጅስትራር፦

«አባ አላንጋ»ን የሰማሁ ቀን ዐቃቤ ሕጎቹን ለማየት አፍሬ ነበር።

አንድ የድሮ ልጨምርና ልተኛ። «የአልጋ ቁራኛ» ስንል በሽታ ይመስለናል። ቁራኛ የሙግት ቃል ነው። ባለዕዳና ባለገንዘብ፣ ወይም ከሳሽና ተከሳሽ፣ ነጠላ ከነጠላ ወይም በሰንሰለት ተቆራኝተው ዳኛ ፊት እስኪቀርቡ አብረው ይውሉ አብረው ያድሩ ነበር። አንዱ ሲበላ ሌላው አጠገቡ ነው። የአልጋ ቁራኛም በሽተኛው ከአልጋው ጋር እንደዚያ ታስሮ ነው። እውነተኛው «ግራ ቀኙ ይቻቻሉ» ያ አይመስላችሁም?

የሄርማታዋ፦

ጋሼ፣ ይህቺን አንብቤለት እየሳቀ ነው። «እኔና ሸሪኬ አሥር ዓመት ያለ ሰንሰለት ተቆራኝተን ነበር» ይላል። ጠበቃው አፈጻጸም ይከፈት እያለው ነው፤ እሱ ግን ሰውየው ራሱ በየወሩ ሊከፍለው ተስማምቷልና ቆይ እያለ ነው። ደግሞ «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታንገበግበኛለች» የሚለውን እየተረተ ነው። በቅሎዋ ተመልሳለች፤ ጭብጦዋ ግን ያችው በግ መሆኗ ነው።

አሁን አጠገቤ ተቀምጦ ወረቀቱን ይዟል። ሬጅስትራር ጋሼን አንድ ጥያቄ ጠይቂልኝ ብሎኛል፤ የበጉን ወጪ ማነው የሚችለው?