ኦርቶዶክስ፣ ፕሮቴስታንትና ካቶሊክ ጎረቤታሞች አብረን መጽሐፍ ቅዱስ ለማንበብ ከምን እንጀምር?

የብሎኩ ነዋሪ
ሰላም ለሁላችሁ። በአንድ ኮንዶሚኒየም የምንኖር ዘጠኝ ሰዎች ነን፤ አምስቱ ኦርቶዶክስ፣ ሦስቱ ፕሮቴስታንት፣ አንዷ ካቶሊክ። በሳምንት አንድ ቀን ቃሉን አብረን ለማንበብ ተስማምተን ሁለት ጊዜ ተሰበሰብን፤ ሁለቱንም ጊዜ በምልጃ ክርክር ተበተንን። ለቅሶ አብረን እንቀመጣለን፣ ቡና አብረን እንጠጣለን፤ ሁላችንም ክርስቶስ ጌታ ነው እንላለን። ታዲያ በቃሉ ዙሪያ መቀመጥ ለምን አቃተን? የማን መጽሐፍ ቅዱስ ይነበብ? ጸሎቱስ እንዴት ይሁን?

ሰንበት ተማሪ
ከጸሎቱ ልጀምር፤ ብዙ ጊዜ ነገሩ የሚፈርሰው እዚያ ላይ ነውና። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት ከቤተ ክርስቲያኒቱ አንድነት ውጪ ካሉ ጋር የጋራ ጸሎት አይፈቀድም። ሌሎቹ ይህን እንደ ንቀት እንዳያዩት አስቀድማችሁ አስረዷቸው፦ ጸሎት የአንድነት ምልክት ስለሆነ፣ አንድነቱ ሳይኖር ምልክቱ አይቅደም ማለት ነው። ስለዚህ ስብሰባውን «ንባብና ውይይት» በሉት። ኦርቶዶክሶቹም ለንስሐ አባታቸው አስቀድመው ይንገሩ፤ በኋላ ከሌላ ሰው ቢሰሙት ቅሬታ ይሆናል።

«አቡነ ዘበሰማያት እንኳ የጋራችን አይደለም ወይ?» ትሉ ይሆናል። ቃሉ የጋራ ነው። ነገር ግን ኦርቶዶክሱ ሳያቋርጥ «እመቤቴ ማርያም ሆይ» ብሎ ይቀጥላል፣ ፕሮቴስታንቱ «አሜን» ብሎ ያቆማል፤ ሁለቱም ይሳቀቃሉ። ሁለት ደቂቃ ዝም በሉ፣ እያንዳንዱ በልቡ በለመደው ሥርዓት ይጸልይ፣ ከዚያ ንባቡ ይጀመር።

ቀኑን ማክሰኞ ወይም ሐሙስ ከምሽቱ 12፡30 አድርጉት። ረቡዕና ዓርብ ጾም ነው፤ እሑድ ጠዋት አንዱ ቅዳሴ፣ ሌላው አምልኮ አለበት። ከቡናው ጋር ሁልጊዜ ቆሎ ወይም ወተት፣ ቅቤና እንቁላል ያልገባበት ዳቦ ይቅረብ። ዐቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን ነው። የሚቀርበው ዓመቱን ሙሉ የጾም ከሆነ ማንም «እኔ እኮ እየጾምኩ ነው» ብሎ መለየት አይኖርበትም።

የማርቆስ አንባቢ
መጽሐፉን በተመለከተ፦ የመጻሕፍቱ ቁጥር በኦርቶዶክስ 81፣ በካቶሊክ 73፣ በፕሮቴስታንት 66 መሆኑ አያስጨንቃችሁ። ከማቴዎስ እስከ ራእይ ያሉት 27 መጻሕፍት በሦስታችሁም ዘንድ አሉ። ከማርቆስ ጀምሩ፤ 16 ምዕራፍ ነው፣ በሳምንት አንድ ምዕራፍ ብትይዙ አራት ወር ገደማ ይበቃችኋል። የሮሜን መልእክት ለጊዜው አቆዩት፤ በተለይ ሮሜ 8፥34 በእትሞች መካከል የቃል ልዩነት ስላለበት ወደ ምልጃው ክርክር በቀጥታ ይመልሳችኋል።

የ1954 ዓ.ም. የአማርኛ እትም በብዙ ቤት ስላለ አንድ ሰው ከእሱ ጮክ ብሎ ያንብብ፤ ሌላ ሰው ያንኑ ምዕራፍ በእጁ ካለው እትም ይድገመው። ሁለቱ ንባቦች ብዙውን ጊዜ ከ15 ደቂቃ ብዙም አይበልጡም። ቃል ሲለያይ ሁለቱንም መዝግቡ እንጂ ዳኛ አትሁኑ። ከዚያ 40 ደቂቃ በሦስት ጥያቄ ተወያዩ፦ ምዕራፉ ምን ይላል? ስለ ክርስቶስ ምን ያሳየናል? በዚህ ሳምንት ምን እንድናደርግ ይጠይቀናል? መልስ የሚሰጥ ሰው ጣቱን ዛሬ በተነበበው ምዕራፍ ባለ ቁጥር ላይ ያኑር። ክርክሩ የሚቀጣጠለው አንዱ ከዕብራውያን፣ ሌላው ከዮሐንስ ጥቅስ እየመዘዘ ሲወራወር ነውና ይህን ደንብ አጥብቃችሁ ያዙ።

ማርቆስም ቢሆን እሾህ የሌለው አይደለም። 6፥3 ላይ የጌታ «ወንድሞች» ሲጠቀሱ የእመቤታችን ዘለዓለማዊ ድንግልና ይነሣል። ምዕራፍ 7 ላይ «የሰው ሥርዓት» ሲል ፕሮቴስታንቱ ወደ ኦርቶዶክሱ ዞር ብሎ ማየት ይቃጣዋል፤ እባካችሁ ሁሉም የራሱን ልማድ ይመርምርበት። 14፥22 ላይ ቁርባን አለ። የዚያን ሳምንት መሪ አስቀድሞ «እዚህ ላይ እንለያያለን፤ እያንዳንዱ ወገን እምነቱን በሦስት ደቂቃ ይንገረን፣ መልስ መስጠት የለም» ይበል። 16፥9–20 ደግሞ በአንዳንድ እትሞች በቅንፍ ወይም በማስታወሻ ስለሚታተም አስቀድማችሁ እወቁት።

መዝሙረ ዳዊት ስታነቡ የቁጥሩ ልዩነት ያደናግራል። «እግዚአብሔር እረኛዬ ነው» የሚለው በግዕዙ ዳዊት 22ኛ፣ በሌሎች እትሞች 23ኛ ነው። በቁጥር ሳይሆን በመጀመሪያው ስንኝ ጥሩት።

የታሪክ ወዳጅ
የመጀመሪያው ቀን ላይ ይህን ብትነግሯቸው ደስ ይለኛል። መላውን መጽሐፍ ቅዱስ ወደ አማርኛ የመለሱት ኢትዮጵያዊው መነኩሴ አቡ ሩሚ ናቸው። ሥራውን ካይሮ ላይ ያሠራቸው የፈረንሳይ ቆንስል ባለሥልጣን የነበረው አስሊን ደ ሼርቪል ነው፤ የእጅ ጽሑፉን እ.ኤ.አ. በ1820 የገዛውና ያሳተመው የእንግሊዞች የመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር ነው። ወንጌላቱ በ1824፣ ሙሉው በ1840 ታተመ። የኦርቶዶክስ መነኩሴ ብዕር፣ ከካቶሊክ አገር የመጣ ሰው ገንዘብ፣ የፕሮቴስታንቶች ማተሚያ፤ አማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ከመነሻው የብዙ እጅ ሥራ ነው።

ወንጌላዊት
በአብዛኛው እስማማለሁ፤ ነገር ግን ከባዱን ጉዳይ ለዘወትር አትሽሹት። ማርቆስን ስትጨርሱ ሁለት ምሽት ለጸሎተ ሃይማኖት፣ ማለትም ለጥንቱ የጋራ የእምነት መግለጫ፣ ስጡ። እ.ኤ.አ. በ325 ኒቅያ ላይ፣ በ381 ደግሞ ቁስጥንጥንያ ላይ የተወሰነ ነው። የየራሳችሁን ቅጂ ጎን ለጎን አድርጋችሁ አንብቡ፤ አብዛኛው ቃል በቃል ይገጥማል። ልዩነቱ መንፈስ ቅዱስ «ከአብ የሠረጸ» በሚለው ላይ ምዕራባውያን «ከወልድም» ብለው መጨመራቸው ነው።

በዚያ ምሽት አንዱ የሌላውን እምነት ይናገር፣ ባለቤቱም «አዎ፣ የማምነው ይህንኑ ነው» እስኪል ድረስ ይታረም። እኛ ፕሮቴስታንቶች ብዙ ጊዜ እንስታለን፤ «ተዋሕዶ» ሲባል የክርስቶስ ሥጋ በመለኮት ተዋጠ ማለት ይመስለናል። አይደለም፤ ያንን ያለው በአምስተኛው መቶ ዘመን የነበረው መነኩሴ አውጣኪ ነው፣ ተዋሕዶም አውግዛዋለች። የተዋሕዶ ትምህርት መለኮትና ሥጋ ያለ መቀላቀል፣ ያለ መለወጥ፣ ያለ መለየት አንድ ሆኑ የሚል ነው። በሌላ በኩል «ፕሮቴስታንት ማርያምን ይጠላል» የሚል አለ። ሉቃስ 1፥48 «ትውልድ ሁሉ ብፅዕት ይሉኛል» የሚለው በእኛም መጽሐፍ ውስጥ አለ፤ ልዩነታችን ምልጃዋን መለመን ላይ ነው። የምንለያይበትን በትክክል ካወቅን የማንለያይበት ምን ያህል ሰፊ እንደሆነ ይታያል።

አጠራርም ይታሰብበት። «ጴንጤ» ለአንዳንዱ ቀልድ፣ ለሌላው ስድብ ነው፤ «መናፍቅ» ደግሞ ውይይቱን ይዘጋዋል። ሰውን ራሱን በሚጠራበት ጥሩት። እናንተ «እመቤታችን» ስትሉ እኛ አናርም፣ እኛም «ጌታ ኢየሱስ» ስንል አታርሙን።

የብሎኩ ነዋሪ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ወገኖቼ። አንድ ነገር ልጨምር፦ አንዱ ጎረቤታችን ሰባኪ ልጋብዝ ይላል፤ እንቀበል?

ሰንበት ተማሪ
ማርቆስ እስኪያልቅ አይሆንም። ሰባኪ ከመጣ አንዱ ወገን አስተናጋጅ፣ ሌላው ታዳሚ ይሆናል፤ በሚቀጥለው ሳምንትም ሌላው ወገን የራሱን መምህር ያመጣል። መሪነቱ በዘጠኛችሁ መካከል በየሳምንቱ ይዙር፤ ማንበብ የሚከብዳቸው ካሉ ንባቡን ሌላ ሰው ያግዛቸው፣ ጥያቄዎቹን እነሱ ይጠይቁ። ለሦስተኛው ጥያቄ የተሰጠውን መልስም በወረቀት ጻፉት፦ የታመመ ጎረቤት መጠየቅ፣ ለአራስ ገንፎ ማድረስ። በሚቀጥለው ማክሰኞ ከቡናው በፊት መጀመሪያ የሚነበበው ያ ወረቀት ይሁን።