ጤፉ ለምን ይጋሸባል? ገለባው ሞልቶ እህሉ አነሰ

ሰላም ለሁላችሁ። ማሳው ግማሽ ሄክታር መረሬ (ጥቁር አፈር)፣ የጤፉ ዝርያ ቁንጮ የሚባለው ነው። ዘር 5 ኪሎ በ20 ሳንቲ ሜትር መስመር፣ ሲዘራ ኤንፒኤስ የሚባለው ማዳበሪያ 50 ኪሎ ገብቷል። ዩሪያውም 50 ኪሎ ነው፤ ግማሹ በዘር ወቅት፣ ግማሹ ከአረም በኋላ። ኤንፒኤሱ 19 በመቶ፣ ዩሪያው 46 በመቶ ናይትሮጅን ስላለው ድምሩ 32.5 ኪሎ፣ በሄክታር 65 ኪሎ ይመጣል። ይህ ለመረሬ የተጋነነ አይመስለኝም።

ግን ዘለላ አውጥቶ ፍሬ መያዝ ሲጀምር ዝናብና ነፋስ ተደርበው ጋሸበ፣ መሬት ላይ ተኛ። ከሥር የተኛው ሻገተ፣ ፍሬው ቀጨጨ፤ ምርቱ 5 ኩንታል ብቻ። ገለባው ብዙ ቢሆንም የሻገተውን በሬዎቹ አይነኩትም።

የምጠረጥረው ሁለት ነገር ነው። አምና እዚያው ላይ ሽምብራ ነበር፤ እሱ የተወው ናይትሮጅን ከላይ ካለው ሒሳብ ውጭ ነው። ሁለተኛ፣ የማሳው ታችኛው ጫፍ ውሃ ይተኛበታል፣ መጀመሪያ የወደቀውም እዚያ ነው። ዝርያው ነው የሚሉም አሉ፤ ቁንጮ መጋሸቡ እውነት ቢሆንም ላይኛው ጫፍ ለምን እንደቆመ አያስረዳም።

ጥያቄዬ፦ ከሽምብራ በኋላ ዩሪያውን ስንት ኪሎ ላድርሰው? የምቀንሰውስ ከመጀመሪያው ዙር ነው ወይስ ከሁለተኛው? ለታችኛው ጫፍ ማጠንፈፊያ ቦይ በስንት ሜትር ርቀት ይበቃል? ጤፍ ላይ የሞከራችሁት ብትጽፉልኝ ደስ ይለኛል፤ የስንዴው ልክ ለጤፍ አይሆንም።