ለእግር ደም ስር ሌዘር ይሻለኛል ወይስ ኦፕራሲዮን?

ሰላም ወገኖች፣ ግራ ገብቶኛልና የምታውቁ እስቲ አማክሩኝ። አስተማሪ ነኝ፣ 14 ዓመት ሙሉ ቆሜ ነው የማስተምረው። ከሁለተኛ ልጄ ወዲህ የግራ እግሬ ደም ስር እንደ ገመድ ተጠማዞ ወጥቷል፤ ማታ ማታ እግሬ ይከብደኛል፣ ቁርጭምጭሚቴም ያብጣል። በዶፕለር አልትራሳውንድ ታይቼ ቫሪኮስ ቬይን ነው ተባልኩ። ከብሽሽት የሚወርደው ትልቁ ደም መልስ ቫልቩ በደንብ ስለማይዘጋ ደሙ ወደ ላይ መውጣቱን ትቶ ወደ ታች ይመለሳል አሉኝ።

አንዱ ሐኪም ኦፕራሲዮን አለ፤ ብሽሽት ላይ ተቀዶ ደም ስሩ ተስቦ ይወጣል። ሌላው ደግሞ ሌዘር ይሻላል፣ በቀጭን ቱቦ ገብቶ ከውስጥ በሙቀት ይዘጋዋል፣ እግርሽን ብቻ አደንዝዘን ጨርሰን በዚያው ቀን ቤትሽ ትሄጃለሽ አለኝ። ደስ ብሎኝ ነበር፣ ዋጋውን እስክሰማ! ለነገሩ በሁለቱም ቢሆን ከዓመታት በኋላ ሊመለስ ይችላል መባሉ ነው ይበልጥ ያደናገረኝ።

ያደረጋችሁ ካላችሁ፣ ስንት ቀን ከሥራ ቀራችሁ? ከሕክምናው በኋላ የሚደረገውን እግር የሚያጠብቅ ካልሲ በዚህ ሙቀት እንዴት ቻላችሁት? ደም ስሩ በጣም ከተጠማዘዘ ሌዘሩ አያልፍም የሚባለውስ የእኔን ዓይነት ይጨምራል? እናቴ በቅባት እሺው እያለችኝ ነው፣ እሷን ተዉአት። የክረምቱ እረፍት ሳያልቅ መወሰን አለብኝ።