የ20ዎቹ ላፕቶፖች ጥገና፦ የጋራ ዕቅዱ ረቂቅ

ጸሐፊ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ለሚግሉት ላፕቶፖች ረቂቁ «20 የማቀዝቀዣ ፓድ (ከሥር አየር የሚነፋ ማስቀመጫ) ይገዛ» ይላል። ሐሙስ ሳይፈረም አስተያየታችሁን ስጡበት።

ጥገና፦ ፓዱ ይውጣ። አየር መውጫው ከተደፈነ ከሥር የሚነፋው አየር ምን ይሠራል? ክዳኑን ስትከፍቱ ፋኑ ላይ የምታዩት አቧራ ትንሽ ነው። ዋናው በፋኑና በሂትሲንኩ (የቺፑን ሙቀት የሚያወጣው ብረት) ቀጫጭን ክንፎች መሀል እንደ ጥጥ ተጠቅጥቆ ነው የሚገኘው። የጅማ በጋ አቧራውን ያመጣል፣ ክረምቱ በእርጥበቱ ያጣብቀዋል። ከውጭ በብሎወር መንፋት ወደ ውስጥ መግፋት ነው። የባትሪውን ገመድ ነቅሎ፣ ፋኑን ፈትቶ በብሩሽ ማውጣት ነው ያለው። ከተፈታ በኋላ የቀረው አቧራ ሲነፋ ፋኑ እንዳይሽከረከር በጣት ይያዝ፤ ያለዚያ ኩሽኔታው ይበላል።

አባል፦ ፔስቱስ፣ በቺፑና በሂትሲንኩ መሀል የሚቀባው ሙቀት አስተላላፊ? ሁሉም ላይ ይቀየር?

ጥገና፦ አዎ፣ ሂትሲንኩ ከተነሣ በኋላ በአሮጌው ፔስት መልሶ መግጠም አይሆንም። የደረቀው እንደ ኖራ ይፈረፈራል። ማጽጃው 99% አልኮል ይሁን፤ የተለመደው 70% ቀሪው ውኃ ነው። በቺፑ መሀል የሩዝ ፍሬ የምታህል ይበቃል። የሂትሲንኩ ብሎኖች አጠገብ ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 4 ተጽፏል፤ በዚያ ተራ ጥቂት ጥቂት ይጥበቁ። አንዱን ጨርሶ ወደ ሌላው መሄድ ሂትሲንኩን ያዘመዋል። አንድ ነገር አደራ፦ ሜሞሪ ቺፖቹ ላይ ያለውን ቴርማል ፓድ (ሙቀት የሚያስተላልፍ ለስላሳ ሉህ) ጥሎ በፔስት የሚተካ እንዳይኖር። ፔስት የ1 ሚሊ ሜትር ክፍተት አይሞላም።

ገንዘብ ያዥ፦ ዝርዝሩን ስጡኝ እንጂ፣ ዋጋ ልጠይቅ።

ጥገና፦ ባለ 4 ግራም ፔስት 2፣ አልኮል ግማሽ ሊትር፣ ባለ 0.5 እና ባለ 1 ሚሊ ሜትር ቴርማል ፓድ አንድ አንድ ሉህ፣ ለስላሳ ብሩሽ 2። ፋን አሁን አይገዛ። እንደ ሞዴሉ ይለያያል፤ የሚንጫጫውን ለይተን ነው የምናዝዘው።

አባል፦ መለኪያ ይጨመር። ከጽዳቱ በፊትና በኋላ ለ15 ደቂቃ ላፕቶፑን ከባድ ሥራ አሠርቶ የፕሮሰሰሩን ሙቀት መመዝገብ። ጸድቶም 95 ዲግሪ የሚያልፍ ካለ ሙቀቱን ከቺፑ ወደ ክንፎቹ የሚወስደውን ቱቦ ዳስሱ፦ በቺፑ በኩል ግሎ በክንፎቹ በኩል ከቀዘቀዘ ቱቦው ሞቷል፣ ፔስት አያድነውም። መለዋወጫ እስኪገኝ ዊንዶውስ ላይ ማክሲመም ፕሮሰሰር ስቴትን (የፕሮሰሰሩን የሥራ ጣሪያ) 99% ማድረግ ቱርቦውን፣ ማለትም ፕሮሰሰሩ ከመደበኛው በላይ የሚፈጥንበትን፣ ያጠፋል። ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ ሙቀቱም ይወርዳል።

ጸሐፊ፦ የማቀዝቀዣ ፓዱን ሰርዣለሁ፣ ልኬቱን አስገብቻለሁ። ባትሪያቸው ያበጠ 3 አሉ፤ እነሱስ ከሌሎቹ ጋር ይጸዱ?

ጥገና፦ አይነኩ! ቻርጀር ላይም አይሰኩ። ባትሪው ሳይወጣ ወደ ጠረጴዛው አይመጡም።

ጸሐፊ፦ እሺ፣ ለብቻ ተራ ቁጥር 6 አድርጌያቸዋለሁ።