ክራውን ቪክቶሪያ ከኋላ ተመትቶ አልነሳ አለ፤ የነዳጅ መቁረጫው ስዊች የት ነው?

ጠያቂ
ሰላም ለሁላችሁ። መኪናው የ2005 ፎርድ ክራውን ቪክቶሪያ ነው። ፓርኪንግ ላይ የኋላ ፓራውልቱ ተገጨ፤ ከጭረት በቀር የሚታይ ጉዳት የለም። ሞተሪኖው ደህና ይዞራል፣ ሞተሩ ግን አይነሳም። ፊውዙ ደህና ነው። መኪና ሲገጭ ነዳጅ የሚቆርጥ ስዊች አለ ሲባል ሰማሁ። የት ነው የማገኘው?

ገመድ ፈታሽ
የኋላውን ኮፈን ክፈት። በግራ፣ በሾፌሩ በኩል ካለው የጎን ሽፋን ጀርባ ነው። አናቱ ላይ ያለችው በተን ብቅ ካለች መስመሩ ተቆርጧል።

ግን ለመጫን አትቸኩል። የዚህ መኪና ታንክ ከኋላ አክሰሉ በስተጀርባ ስለሆነ ከኋላ የተመታ ሁሉ መጀመሪያ ታንኩ ይታያል። ቁልፉን አጥፋና ጎንበስ ብለህ ተመልከት፤ እርጥበት ወይም የቤንዚን ሽታ ካለ አትንካው፣ መኪናው ተጎትቶ ይሂድ። ደረቅ ከሆነ በተኗን ወደ ታች ተጫን። ሞተሪኖ ሳታዞር ቁልፉን ኦን ላይ ጥቂት ሰከንድ አቆየውና አጥፋው። ፓምፑ ከታንኩ በኩል ለ1 ወይም 2 ሰከንድ እዝዝ ሲል ይሰማል። አሁን መስመሩ ግፊት ስላገኘ ድጋሚ ጎንበስ ብለህ እይ። ብዙ ሰው የሚዘላት ይህችን ነው።

ቴስተር በእጄ
ውስጡ ማግኔት የያዛት የብረት ኳስ ናት። ምቱ ሲበረታ ኳሷ ከማግኔቱ ትላቀቅና ኮንታክቱን ታስከፍታለች። ስለዚህ ግጭት ባይኖርም ጉድጓድ ውስጥ ዘጭ ማለት ወይም የኋላ ኮፈኑ ውስጥ የተወረወረ ክሪክ ሊያስቆርጠው ይችላል።

በተኗ ወደ ታች ሆና ፓምፑ ዝም ካለ ሶኬቱን ንቀልና የስዊቹን ሁለት እግሮች በኦም ለካ። ወደ 0 የተጠጋ ካነበበ ስዊቹ ደህና ነው፣ ለፓምፑ ኤሌክትሪክ ወደሚያቀብለው ሪሌና ወደ ፓምፑ ሂድ። ሶኬቱንም ልብ ብለህ እየው፤ ኮፈኑ ውሃ የሚያስገባ ከሆነ ፒኖቹ አረንጓዴ ዝገት ይይዛሉ። ሁለቱን ሽቦ አገናኝቶ መንዳት ግን የማይረባ ጥገና ነው። ቀጣይ ግጭት ላይ ፓምፑ በተቀደደ መስመር ቤንዚን ሲረጭ ይቆያል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ዳሽቦርዱ ላይ የሌባ መከላከያ መብራቱ በፍጥነት ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ ስዊቹን ተወው፣ ችግሩ ከቁልፉ ቺፕ በኩል ነው።

ሌላ ጠያቂ
አዲስ አበባ ነኝ። ኮሮላ ላይስ የት ነው?

ገመድ ፈታሽ
በተን አትፈልግ፣ የለውም። ኤርባግ ያላቸው አዳዲሶቹ ላይ ኤርባጉ ሲፈነዳ ኮምፒውተሩ ራሱ ፓምፑን ያቆማል። ፍሳሽ አለመኖሩን አይተህ ቁልፉን ወደ ኤሲሲ ወይም ሎክ መልሰህ እንደገና ታስነሳለህ። ካርቡሬተር ያለው የድሮው ኮሮላ ዲኤክስ ከሆነ ደግሞ ፓምፑ በሞተሩ የሚሠራ ሜካኒካል ነው፤ ሞተሩ ሲቆም አብሮ ይቆማል።